ሽፍታ ወጣብኝ

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ሰምታችኋል። የመንዝን ልጅ ብርድ አሳበጠው ሲባል ግን እንዳልሰማችሁ እርግጠኛ ነኝ። እንግዲያው ስሙኝ፤ ያ ልጅ እኔ ነኝ።

ተወልጄ ያደግሁት፣ አሁንም ስልክ እየጠገንኩ የምኖረው ዘመሮ ነው። እኛ አገር ታኅሣሥ ሲገባ ውርጩ ሣሩን ብቻ ሳይሆን የማለዳ መንገደኛን ጢም ጭምር ያነጣዋል። ውሻ እንኳ አፉን ቶሎ ለመዝጋት አሳጥሮ ነው የሚጮኸው። ሰው ሲወለድ ባና ይጠቀለላል፣ ሲያገባ ባና ይሰጠዋል፣ ሲታመም ባና ይደረብለታል። (ባና ማለት፣ ለማታውቁት፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ የእኛ አገር ብርድ ልብስ ነው። ከክብደቱ የተነሣ ብርዱ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የለበሰውም ሰው በቀላሉ አይወጣም።) እንዲህ ካለ አገር በቅሎ "ብርድ አይስማማኝም" ማለት፣ ከቄስ ቤት ተወልዶ "ጾም አይስማማኝም" እንደማለት ነው። ያሳፍራል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን ማለዳ ነው። ፊቴን ልታጠብ ደጅ ወዳደረው ባልዲ ሄድኩ። ላዩ ላይ ስስ በረዶ ሠርቶ ነበርና በጣቴ ሰብሬ ታጠብኩ። ፎጣ ስፈልግ መዳፌን በላኝ። መዳፍ ሲበላ ብር ይገባል ይባላልና ደስ አለኝ። ቀጥሎ ክንዴን በላኝ። ቀጥሎ አንገቴን። በአንገት በኩል የሚገባ ብር ሰምቼ ስለማላውቅ ጠረጠርኩና መስተዋት ፊት ቆምኩ።

ምን ልበላችሁ! ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች አንገቴን ሞልተውታል። ዙሪያቸው ቀላ፣ መሐላቸው ነጣ ያለ። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርጋቸው ይነጣሉ፤ ስለቃቸው መልሰው ይቀላሉ። መግል የለ፣ ቁስል የለ፣ ቅርፊት የለ፤ ማሳከክ ብቻ! ባከክኋቸው ቁጥር ጎረቤት ይጠራሉ። ዓይኔ እያየ ሁለቱ ተጋጥመው አንድ ትልቅ ሆኑ፣ ያም ከሌላው ጋር ተጋጠመ። እኔም እንደ ሰው ደንግጬ ልጮህ አሰብኩና "ቆይ ቁርሴን ልብላ" አልኩ። ቁርሴን በልቼ እሳት ሞቄ ስመለስ አንገቴ ንጹሕ ነው። ምልክት የለም፣ ጠባሳ የለም። የተረፈኝ የራሴ ጥፍር ያወጣው መስመር ብቻ ነበር።

ይህን ነገር ገበሬውም ሐኪሙም ሽፍታ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሰው ነፍሱን ይማረውና፣ ወይ በሽታውን ወይ ወንበዴውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ክንድ ላይ ሲፈልጉት ጭን ላይ ይገኛል። ሰው ሲሰበሰብበት ይሰወራል፤ ሲበተንለት ይወጣል። ይህ የአንድ ስም ለሁለት መሆን ኋላ ምን ጉድ እንደሚያመጣብኝ ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

"ትንሽ ቢያሳክክህ ምን አለበት?" ትሉኝ ይሆናል። ብዙ አለበት! በጥር ሠርጌ ነው። የማገባት አስካለ ትባላለች፤ አገሯ ግሼ፣ ራቤል ነው። አክስቷን ልትጠይቅ ዘመሮ መጥታ ሳለ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ አምጥታልኝ ነው የተዋወቅነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። እኔ ግን "ዕቃው አልገባም" እያልኩ ሦስት ገበያ አመላለስኳት። በሦስተኛው፣ "ዕቃው ገብቷል፤ ያልገባህ አንተ ነህ" አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ልቤ አልተመለሰም።

ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ ወንድይፍራው ዘር ሳያጠሩ ልጅ አይሰጡም። የላክኋቸው ሽማግሌዎች ገና አረፍ ሳይሉ፣ "በዘራችሁ የቆዳ ደዌ አለ?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹን የመራው አጎቴ ጋሽ ደምሴ ነበር። እሱም ብድግ ብሎ፣ "የልጃችን ቆዳ እንደ ዳዊት ብራና ነው፤ ነጥብ የለበትም!" ብሎ ማለ። ዳዊት ከዳር እስከ ዳር ነጥብ በነጥብ መሆኑን ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ አንድ ያስተዋለ ይጥፋ? ጋሽ ወንድይፍራውም፣ "እንግዲያው ነጥብ የተገኘ ዕለት ልጄ ቤቷ ትቀራለች" አሉና ነገሩ በዚያ ታሰረ።

እና እኔ፣ ባለ ብራናው፣ በየማለዳው እጻፍ ጀመር።

መጀመሪያ ያየችኝ እናቴ ናት። "ሸረሪት ሸንታብህ ነው" አለች።

"አንገቴም ላይ፣ ክንዴም ላይ፣ ሆዴም ላይ? እማዬ፣ ስንት ሸረሪት ነው ያለን?"

"አንዷም ጠላ ጠጥታ ቢሆንስ?" አለችና ፌጦ ልትወቅጥ ሄደች።

ጎረቤት ሲሰማ መድኃኒቱ በረከተ። አንዷ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። ሌላዋ "ኩፍኝ ነው" ብላ መስኮቱን በጨርቅ ደፈነች። ሦስተኛዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ካየችኝ በኋላ፣ "የሰው ዓይን ነው፤ ሙሽራ መሆኑን እዚህም እዚያም ለምን ታወራላችሁ?" ብላ እናቴን ተቆጣች። ነገሩን ለአገር ስታወራ የከረመችው እሷው ራሷ ነበረች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቅቤ ተቀብቼ፣ ፌጦ ተለውሼ፣ ዳማከሴ ተነስንሶብኝ፣ ወጥ ለመሆን የቀረኝ እሳት ብቻ ነበር። ድመታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ዓይን ታየኝ ጀመር።

በማግሥቱ ሲወጣብኝ በሩጫ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለው ወጣት ጤና መኮንን ነው፤ እኛ ግን ዶክተር ነው የምንለው። ወረፋ ይዤ ፀሐይ ስሞቅ ቆይቼ ገባሁ።

"ምን ሆንክ?"

"ሽፍታ ወጣብኝ።"

"የታለ?"

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። የለም። አንገቴን ገለጥኩ። የለም። ሸሚዜን ሳወልቅ ሆዴ እንደ ሕፃን ሆድ ንጹሕ ነው። "አሁን እዚህ ነበር" አልኩ፣ ቦርሳው እንደጠፋበት ሰው ዙሪያዬን እያየሁ። ዶክተሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "ይኸ ሽፍታ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ወጥቶ ይጠፋል። ስልክ ጠጋኝ አይደለህ? ሲወጣ ፎቶ አንሣና አምጣልኝ" አለኝ።

ስልኬ በሆዴና በጭኔ ፎቶ ተሞላ። አንድ ደንበኛ ሱቄ ውስጥ አንዱን ፎቶ አየና፣ "ይኸ የየት አገር ካርታ ነው?" አለኝ። ምን ልበለው? "የግሼ" አልኩት። እሱም ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ የራሱን መንደር ፈለገ። አገኘውም፤ ማግኘቱ ነው የገረመኝ።

ፎቶዎቹን ለዶክተሩ ሳላደርስ እናቴ ቀደመችኝ። "ልጄ ጠበል ሳይነካው ሠርጉ አይደርስም" ብላ ቆረጠች። ያን ቀን ረፋዱ ላይ ደግሞ ስለ ሠርጉ ዝግጅት ለመነጋገር ራቤል መሄድ ነበረብን። ስለዚህ ሳይነጋጋ፣ ውርጩ እንደ ጨው ተነስንሶ ሳለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ወዳለው ጠበል ወረድን። እኔ፣ እናቴ፣ አጎቴ ጋሽ ደምሴ፣ እንዲሁም ነገሩ የማይመለከታቸው ግን መቅረት ያልሆነላቸው ጎረቤቶች። የንስሐ አባታችን አባ ክንፈ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

የመጀመሪያው ጣሳ ጀርባዬ ላይ ሲፈስ የማውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ ጠራሁ። ሁለተኛው ሲፈስ የማላውቃቸውንም። ከዚያ መጣ! ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አንድ ላይ ፈነዳ። ዓይኔ ጠበበ። ከንፈሬ ከአፍንጫዬ ቀድሞ ወጣ። ሕዝቡም "አወጣው! አወጣው!" ብሎ እልል አለ።

"ማን ነህ?" አለ አንዱ ጎረቤት፣ በእኔ ላይ ያለውን መንፈስ እየጠየቀ።

እኔ "በረደኝ" ማለቴ ነው፤ ከንፈሬ ግን ግማሹን ያዘው። "ብ... ብርድ!"

"ብርድ ነኝ አለ! ከየት መጣህ?"

"ከ... ከውሃው!"

"የውሃ ነው! የውሃ ነው! ውጣ! የት ትወጣለህ?"

"እ... እሳት ዳር!"

"እሳት ውስጥ እገባለሁ አለ!" ብለው ጎረቤቶቼ ደነገጡ። እኔማ እሳት ዳር ውሰዱኝ ማለቴ ነበር።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ምላሴ ወፈረብኝ፣ ጉሮሮዬ ጠበበኝ፣ ትንፋሽ ስስብ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ አስካለን ሳላገባ የምሞት መሰለኝና ዕንባዬ መጣ። ያስተዋሉት አባ ክንፈ ናቸው። ጣሳውን ቀምተው፣ "ዝም በሉ! ልጁ በረደኝ ነው የሚላችሁ። ጋኔን ቢሆንማ በዚህ ውርጭ ሳንጠራው ይሸሽ ነበር!" አሉና የገዛ ጋቢያቸውን አልብሰው በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ።

ዶክተሩ ሲያየኝ የጠፋ ወንድሙን እንዳገኘ ሰው ፊቱ በራ። "አሁን አገኘሁት!" አለ። ወዲያው ግን አተነፋፈሴን አየና ሳቁን ትቶ መርፌ ወጋኝ፣ ሌላም ወጋኝ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ደረቴን እያዳመጠ ጠበቀ። ጉሮሮዬ ሲለቀኝ የተነፈስኩት አየር እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ጣፋጭ ነበር።

ነገሩ ሁሉ ጋብ ካለ፣ ክንዴም ንጹሕ ከሆነ በኋላ፣ ዶክተሩ ከደጅ ከባልዲ ላይ በረዶ አስመጥቶ በፌስታል ጠቀለለና ክንዴ ላይ አስቀመጠው። ጥቂት ቆይቶ አነሣው። ቆዳዬ መሞቅ ሲጀምር፣ በረዶው የነበረበት ቦታ ብቻ ልክ በዚያው ቅርጽ ጉብ ብሎ ወጣ።

"ይኸውልህ፤ የሚያስቆጣህ ብርድ ነው" አለኝ። "አይተላለፍም፣ ደዌም አይደለም፣ ከዘርህ ላይ የሚጻፍ ነገር የለውም። ክኒንህን ዋጥ፣ ሙቅ ልበስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ገላህን አትታጠብ። ግን ከንፈርህ ወይ ምላስህ ካበጠ፣ ጉሮሮህ ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረህ 'ይተወኛል' ብለህ እንዳትቀመጥ። ሮጠህ ና።"

"ጠበሉስ?" አለች እናቴ።

"ጠበሉንማ እናሞቅለታለን" አሉ አባ ክንፈ። "እሳቱንስ የፈጠረው ማን ሆነና?"

እኔ በመርፌ ስወጋ አጎቴ ጋሽ ደምሴ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቷል። ራቤል እንደማንሄድ ለጋሽ ወንድይፍራው መንገር አለበት። እግረ መንገዱን "ጉንፋን ይዞት ነው" የምትል ትንሽ ውሸት እየደጋገመ ሲያጠና ነበር የወጣው። አጎቴን ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ስለ ብራናው ምሎ ውሸት አልቆበታል።

"ምን ሆኖ ነው የማይመጣው?" ብለው ጮኹ አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

"ጉ... ጉ..."

"ምን ጉ?"

"ሽፍታ ወጣበት!" አለ አጎቴ፣ እውነት አንቆት።

"ሽፍታ? የት?"

"ጠበል ሊጠመቅ ወርዶ!"

"ብዙ ነው?"

"መላ አካላቱን ነው የወረረው! ጀርባውን፣ ደረቱን..."

እዚህ ላይ ስልኩ ተቋረጠ። አጎቴም ሁሉንም ያፈረሰ መስሎት ስልኩን አጠፋና ኪሱ ከተተ። የእኔዋ ስልክ ልብሴ ኪስ ውስጥ ሆና ጠበሉ ስለደረሳት ተጠምቃ ዐርፋለች። የስልክ ጠጋኝ ስልክ! አጎቴ ቤት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ "ነገርኳቸው። እውነቱን ነገርኳቸው። በቃ፣ አበቃልን" አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን የነሣኝ ማሳከኩ አልነበረም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ እሳት ዳር በባና ተጠቅልዬ ተቀምጬ ሳለ መንደሩ በፈረስ ኮቴ ተናወጠ። እናቴ በበሩ ቀዳዳ አየችና፣ "ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው! ዘመዳቸውን ሁሉ ይዘው!" አለች። እንዲህ በሰልፍ የሚመጡት ለምንድን ነው? ጋብቻውን ሊያፈርሱ ነዋ!

ገቡ። ጺማቸው ላይ የጓሳ ውርጭ እንዳለ ነው። ያን ሁሉ የጓሳ ሜዳ፣ ያን ነፋስ ሰውን ከነፈረሱ የሚገፋበትን አገር አቋርጠው፣ ጉልበታቸው እየተጎተተ ነው የገቡት። ከኋላቸው ዱላና ጦር የያዙ ጎረምሶች ተከተሉ። አንዱ፣ ከአያቱ ሞት ወዲህ ተኩሶ የማያውቅ ጠመንጃ አንግቷል።

"በሕይወት አለህ?" አሉኝ።

"አለሁ፣ ጋሼ" አልኩ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ።

"ሽፍታውስ?"

"ሄዷል፣ ጋሼ።"

"ከየት በኩል መጣብህ?"

"በጀርባዬ ነው የጀመረው።"

"ፈሪ! በጀርባ!" አሉና ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ። "በየት በኩልስ ሄደ?"

"በእግር ነው የጠፋው።" ወደ እግሬ ወርዶ ጠፋ ማለቴ ነው።

"በእግር! ሰማችሁ? ፈረስ የላቸውም፤ ሩቅ አልሄዱም! ስንት ናቸው?"

"አልቆጠርኳቸውም። መጀመሪያ ትንንሽ ሆነው ይመጣሉ፤ ከዚያ ይገጣጠሙና ትልቅ ይሆናሉ።"

"ተደራጅተው ነው" አለ ባለ ጠመንጃው።

"ምን ወሰዱብህ?"

"ከእንቅልፌ በቀር ምንም። ግን ይበላል፣ ጋሼ። እጅግ ይበላል።"

ጋሽ ወንድይፍራው አማተቡ። "ሰው ይበላል?"

"እኔን ነው የሚበላኝ።"

"ስመ አብ! ሰው በላ ሽፍታ!" አሉ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን አጠበቁ። ባለ ጠመንጃው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ወደ እሳቱ ጠጋ አለ። "መቼ መቼ ነው የሚወጣው?" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

"ማለዳ፤ ብርድ ሲሆን።"

"እንግዲያው ዛሬ አድፍጠን እናድራለን። ቆይ፣ ማድፈጡስ ለምን? እኔማ ማን እንደሆኑ አውቄያለሁ! እነዚያ ባለፈው በጓሳ ሣር የተጣሉን የወንዝ ማዶ ሰዎች ናቸው። ሌላ ማን ሰው ይበላል? ተነሡ! ቤታቸው ድረስ እንሄዳለን!"

ገባኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ! ሰውየው የሚያውቁት ነገር የለም። የብራናውን ነጥብ አልሰሙም። ዘር ሊያጠሩም ጋብቻ ሊያፈርሱም አልመጡም፤ ወንበዴ ሊይዙልኝ ነው የመጡት። ክኒኑ ሠርቶ ቆዳዬ ንጹሕ ሆኗል። አፌን ብዘጋ ጥር ይደርሳል፣ አስካለ ቤቴ ትገባለች። አጎቴ ጥግ ላይ ሆኖ በዓይኑ፣ በቅንድቡ፣ በጆሮውም ጭምር "ዝም በል" ይለኛል።

ጎረምሶቹ ግን በሩን ከፍተዋል። ጦር ይዘው ሊወጡ ነው። ወንዝ ማዶ ያሉት ሰዎች ያን ሰዓት በጎቻቸውን ወደ ጋጣ እያስገቡ ይሆናል፤ ሰው መብላታቸውን ገና አልሰሙም። በእኔ ማሳከክ ሰው ሊፈነከት ነው። አስካለን በዚህ ካገኘኋት ምን ዓይን ይዤ አያታለሁ?

"ጋሼ፣ ቁሙ!" ብዬ ከባናው ውስጥ ተንፏቅቄ ወጣሁ። (ባና ለድንገተኛ እውነት አይመችም።) "ሽፍታው ሰው አይደለም።"

"ጅብ ነው?"

"ቆዳዬ ላይ የወጣ ሽፍታ ነው። ጉብ ጉብ የሚል፣ የሚያሳክክ። ነጥብ አለብኝ፣ ጋሼ። ብራናው ነጥብ አለበት።"

አጎቴ ጥጉ ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ወንድይፍራው ክንዴን ያዝ አድርገው እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰቡ፣ አገላብጠው አዩ።

"የታለ?"

እናንተዬ፣ ፈርዶብኛል! የሸሸግሁት ቀን ሁሉ ይወጣል፣ ላሳየው ስል ይጠፋል። ሰውየው ፍርሃቴን ለመሸሸግ የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም፤ "አትፍራ፤ እኛ አለንልህ" አሉኝ። ጎረምሶቹ መልሰው ሊወጡ ሆነ። ቶሎ ብዬ ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥላ ውስጥ፣ ከበጎቹ መጠጫ ገንዳ ላይ በረዶ ሰብሬ አመጣሁና በክንዴ ላይ አስቀምጬ መሐላቸው ቁጭ አልኩ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ተደግፈው ከበቡኝ። ባለ ጠመንጃው እንኳ አንገቱን አሰገገ። በረዶውን አነሣሁ። ምንም የለም። እንደ ዳዊት ብራና! በዚያች ቅጽበት፣ ሽፍታው እንዲወጣ ከልቤ ስጸልይ ራሴን ሰማሁት።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደተለመነ እንግዳ እየተግደረደረ፣ መጣ። መጀመሪያ ቀላ። ከዚያ ጉብ አለ። ከዚያ በበረዶው ልክ ተነፋ።

ጋሽ ወንድይፍራው አጎነበሱ። በአውራ ጣታቸው ጫኑት፤ ነጣ። ለቀቁት፤ ቀላ። ደግመው ጫኑት።

"ይጋባል?" አሉ።

"አይጋባም። ደዌም አይደለም ብሎኛል ዶክተሩ። አባ ክንፈም አብረው ሰምተዋል።"

"ከምን መጣ?"

ይህን መናገሩ ነበር ከሁሉ የከበደኝ። "ከብርድ" አልኩ በቀስታ።

"ከምን?"

"ከብርድ፣ ጋሼ።"

"የመንዝ ልጅ ሆነህ?"

"የመንዝ ልጅ ሆኜ።"

መጀመሪያ የሳቀው ባለ ጠመንጃው ነው። ቀጥሎ ጎረምሶቹ ዱላቸውን ጥለው ግድግዳ ተደገፉ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ አልሳቁም። ክንዴን እንደያዙ ናቸው። እጃቸው የጓሳን ብርድ ይዞ የመጣ ስለነበር ጣቶቻቸው ያረፉበት ቦታ ሁሉ ጉብ ጉብ ማለት ጀምሯል፤ አውራ ጣታቸው፣ አራቱም ጣቶቻቸው ክንዴ ላይ ታትመው ወጡ። ያን ሲያዩ እጃቸውን ደንግጠው ለቀቁ፤ ወዲያው በጋቢያቸው አሽተው አሞቁና መልሰው ያዙኝ።

"ጋሼ" አልኩ። "ነጥብ የተገኘ ዕለት ልጄ ቤቷ ትቀራለች ብለዋል። ቃልዎ ቃል ነው። እኔ ግን አስካለን እወዳታለሁ።"

"እብድ ነህ እንዴ?" አሉ። "ይኸን ሁሉ የጓሳ ነፋስ እየበላሁ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ልጄን ገደሉብኝ ብዬ እያለቀስኩ የመጣሁ ሰው ነኝ። ለነፍስህ መጥቼ ለቆዳህ ልመለስ?"

"ልጄን" ነው ያሉት። እኔን ነው። አልቻልኩም፤ ከጎረምሶቹ ፊት፣ ከነጠመንጃው ፊት፣ አለቀስኩ። እሳቸውም ወደ አጎቴ ዞረው፣ "አንተ ግን ብራና አይተህ የምታውቅ አይመስለኝም" አሉት።

ሠርጉ በጥር ሆነ፤ የአገራችን ብርድ በሚብስበት። አማቴ ዐዋጅ አወጡ፦ ሙሽራው የሚቀመጥበት እሳት እንዳይጠፋ፣ የሚጠጣው ጠላ ለብ እንዲል፣ የሚጨብጠው ሰው ሁሉ አስቀድሞ እጁን እንዲያሞቅ። ስለዚህ ራቤል ላይ እንግዳ ሁሉ ከምድጃ ዳር ተሰልፎ እጁን ሞቆ፣ ከዚያ ነበር "እንኳን ደስ ያለህ" የሚለኝ። ጨዋታ ዐዋቂ የሆኑት የአስካለ አክስቶችም እንዲህ ብለው ገጠሙብኝ፦

ሽፍታ ወጣ ሲሉ ጓሳ መስሎን ነበር፣
ለካ ልጅ ሊወስድ ነው ከእናትዋ ጓዳ በር።

ሁሉም ነገር ሞቆልኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ተረሳ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ማለዳ፣ በዚያ ብርድ፣ በብረት ሳሕን ላይ ሲቀዘቅዝ ያደረውን ቀለበት አስካለ ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ወዲያው በላኝ። ዐወቅሁት። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጣቴ ከቀለበቱ ግራና ቀኝ ጉብ ብሏል። ከፎቶው በኋላ አስካለ በሹክሹክታ፣ "እስኪሞቅልህ አውልቀው" አለችኝ። ሳብኩት። ሳበችው። አማቴም መጥተው ሳቡት። ንቅንቅ አይልም።

"ተዉት" አሉ አማቴ፣ በመጨረሻ እየሳቁ። "ሽፍታው ዘብ ቆሞለታል።"